ብቸኛዋ ሲስተርና ማህበርተኞቿ

እስቲ ጠጋ በሉና አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ንጉሥ የለበትም፤ ጦርነትም የለበትም። ያለው ብጉንጅ፣ መግል፣ የአንዲት ነርስ መዝገብና ብዙ ስብሰባ ነው። «ደግሞ ከስብሰባ ምን ታሪክ ይወጣል?» የሚል አይጠፋም። አልፈርድበትም፤ ስብሰባ ያስመረረን ሰዎች ነን። ቢሆንም ታገሡኝ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በኛ የቆጠርኩ እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው ቶርኪ ላይ ነው። ቶርኪ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ዴቨን በሚባለው አገር፣ ባሕር ዳር የተቀመጠች የመዝናኛ ከተማ ናት። የወንጀል ልብ ወለድ የምትወዱ ታውቋታላችሁ፤ አጋታ ክሪስቲ የተወለደችው እዚያ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚያው ከተማ ቁስለኛ ስታስታምም፣ ኋላም መድኃኒት ቤት ስትሠራ ነው ስለ መርዝ ያን ሁሉ የተማረችው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በዚችው ከተማ፣ በቶርቤይ ሆስፒታል፣ የእውነት ገዳይ ይፈለግ ነበር። ይሄኛው ገዳይ ግን በዓይን አይታይም።

ስሙ ስታፊሎኮከስ ነው። ከአሥር ሰው የሦስቱ አፍንጫ ውስጥ ማንንም ሳይነካ ተቀምጦ ይኖራል። ቆዳ ሲቆረጥ፣ ቁስል ሲከፈት፣ ጨቅላ ሲወለድ ነው ጠባዩን የሚያሳየው። ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ ሲመጣ ሐኪሙ ሁሉ እፎይ ብሎ ነበር። እፎይታው ብዙ አልቆየም፤ ጀርሙ መድኃኒቱን ለመደው። በ1953 ገደማ ሲድኒ ውስጥ ፊሊስ ራውንትሪ የተባለች ሳይንቲስት ሕፃናትን ሲያጠቃ የነበረ አንድ ክፉ ዘር ለየች። ይህ ዘር ኋላ 80/81 በሚል ቁጥር ታወቀና ከአውስትራሊያ እስከ ካናዳ፣ ከአሜሪካ እስከ እንግሊዝ ሆስፒታሎችን አመሰ። አራሷ ጡቷ መግል ይቋጥራል፤ የጨቅላው ቆዳ ውኃ ይይዛል፤ ደህና የተሰፋ የኦፕሬሽን ቁስል በሳምንቱ ይመረቅዛል። ነርሶቹ ራሳቸው ብጉንጅ ያወጣሉ፣ ብጉንጃቸውን በፋሻ ሸፍነው ደግሞ በሽተኛ ያገላብጣሉ።

ዶክተር ብሬንዳን ሙር በዚያ አካባቢ የሕዝብ ጤና ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበር። አንድ ነገር አስቸገረው። ላብራቶሪ የሚያውቀው የተላከለትን ብቻ ነው። ከዋርድ ናሙና ካልመጣ፣ ማይክሮስኮፑ ሥር የሚታይ ነገር የለም። ናሙና ደግሞ አይመጣም፤ ሐኪሙ ጊዜ የለውም፣ የዋርዷ ኃላፊ «በኔ ክፍል መግል ተገኘ» ማለቱ ያሳፍራታል፣ በሽተኛውም ቁስሉ ሳይመረቅዝ ወደ ቤቱ ተልኮ ይሆናል። እናም ሙር ያሰበው ነገር ዛሬ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ያን ጊዜ ግን የትም አልተሞከረም። አንዲት ነርስ ከዋርድ ሥራ ወጥታ፣ ሙሉ ጊዜዋን፣ ይህንኑ ብቻ ትከታተል አለ።

በ1959 ሚስ ኢ. ኤም. ኮትሬል የኢንፌክሽን ቁጥጥር ሲስተር ተብላ ተሾመች። በዚህ ሥራ የመጀመሪያዋ መሆኗን የሙያው ሰዎች ሁሉ ይመሰክሩላታል።

ሥራዋ ምን ነበር? መዝገብ መያዝ። ኢንፌክሽን ሲጀምር ቶሎ ማወቅ። የታመመው ከሌላው ቶሎ እንዲለይ ማድረግ። ዋርድ ለዋርድ ዞሮ የቁስል አስተጣጠቡን፣ የዕቃ አቀቃቀሉን ማየት። ላብራቶሪውንና ዋርዱን ማገናኘት። የወንጀል መርማሪ ሥራ ነው ብትሉ አልቃወምም፤ ማን ከማን ጎን ተኝቶ ነበር፣ ማን አጠበው፣ መቼ ጀመረው ብሎ መጠየቅ ነው። ሙከራው ሰመረ። በ1962 ሙርና ባልደረቦቹ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ይህችን አዲስ የሆስፒታል ሠራተኛ ለዓለም አስተዋወቁ። ከጽሑፉ አዘጋጆች መካከል ግን የኮትሬል ስም የለም። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ የዚችን ሥራ ብቸኝነት ሳላሳያችሁ ማለፍ አልፈልግም። ቶርኪን ተዉትና የኛን አገር ሆስፒታል አስቡ። ጧት ራውንድ ነው። ስፔሻሊስቱ ፊት፣ ሬዚደንቶቹ ከኋላ፣ ተማሪዎቹ ከነርሱ ኋላ ተሰልፈዋል። ዶክተሩ የአንዱን ቁስል ፋሻ ገለጥ አድርገው በጣታቸው ዳር ዳሩን ጫን ጫን አደረጉ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው አልጋ። የግድግዳው ሳኒታይዘር እዚያው ክንዳቸው አጠገብ አለ፤ ባዶ ይሁን ሙሉ ማንም አልነካውም። አንዲት የኢንፌክሽን ቁጥጥር ነርስ ከጥግ ወጣ ብላ «ዶክተር፣ ይቅርታ... እጅዎን...» ትላለች። ዝምታ። ተማሪዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ዶክተሩ ጨዋ ከሆኑ ፈገግ ብለው ይታጠባሉ። ካልሆኑ «ሲስተር፣ አንቺ ደግሞ!» ይባላል፤ ያችኛዋም ነገ ያንን ዋርድ በሌላ በር ታልፈዋለች።

ለነገሩ ይህች ነርስ የማን ናት? የዋርዱ አይደለችም፤ ፈረቃ አትገባም፣ ስለዚህ ነርሶቹ «ቀበጥ» ይሏታል። የአስተዳደሩም አይደለችም፤ ቢሮ የላትም፣ በጀት የላትም። ጓንት ሲያልቅ የምትጠየቀው እሷ፣ ጓንት ለመግዛት የማትጠየቀውም እሷ ናት። እድገትስ? የዋርድ ነርስ ኃላፊ ትሆናለች፣ ከዚያ ማትሮን። ይህች ግን ከፊቷ ያለው ወንበር የቱ ነው? ሆስፒታሉ ውስጥ ሥራዋን የሚያውቅ ሌላ ሰው ከሌለ፣ ጎበዝ ትሁን ሰነፍ የሚመሰክርላትም የለም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። አሜሪካኖቹም በዚያው በ80/81 ተመትተው በ1958 የሆስፒታሎቻቸው ማህበር እያንዳንዱ ሆስፒታል የኢንፌክሽን ኮሚቴ እንዲያቋቁም መክሮ ነበር። ኮሚቴ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በ1963 ካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ ሆስፒታል ካትሪን ዌንዘል የተባለች ነርስ ለዚሁ ሥራ መደበ። አትላንታ ያለው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ በአጭሩ ሲዲሲ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ፤ በ1970 ደግሞ ስለ ሆስፒታል ኢንፌክሽን ዓለም አቀፍ ጉባኤ ጠራ። በየሆስፒታሉ ለብቻዋ መዝገብ ስትሞላ የኖረች ነርስ አንድ አዳራሽ ውስጥ ገብታ፣ ጎኗ የተቀመጠችው የዚያንው ዓይነት መዝገብ እንደምትሞላ ስትሰማ ምን ይሰማታል? በዚያው በ1970 የእንግሊዞቹ ነርሶች ማህበራቸውን አቋቋሙ። በ1972 አሜሪካኖቹ ተከተሉ፤ ዛሬ ኤፒክ በሚባለው አጭር ስሙ የሚታወቀው ማህበር ይህ ነው። አሁን ከ15,000 በላይ አባላት አሉት። በ1987 የየአገሩ ማህበራት በተራቸው አንድ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን መሠረቱ።

ማህበር ሆነው ምን አደረጉ? መጀመሪያ የየራሳቸውን ቅጽና መዝገብ ተለዋወጡ። የአንዱ ሆስፒታል «ኢንፌክሽን» የሌላው «ኢንፌክሽን» ካልሆነ ቁጥር ማወዳደር አይቻልምና። በ1976 የአሜሪካ ሆስፒታሎች ዕውቅና ሰጪ አካል ቁጥጥሩን ግዴታ አደረገው፤ የሥራ መደቡም በየቦታው ተከፈተ። ኤፒክ ሲያወጣው የነበረው ኅትመት በ1980 ሙሉ የምርምር መጽሔት ሆነ። ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? ከዚህ በኋላ ነርሷ ሐኪም እስኪጽፍላት አልጠበቀችም፤ ያየችውን በራሷ ስም የምታሳትምበት መጽሔት አገኘች። በ1983 ደግሞ የሙያ ማረጋገጫ ፈተና ተጀመረ። ያለፈች ከስሟ ቀጥላ ሲአይሲ የሚሉ ሦስት ፊደሎች ትጽፋለች። ሦስት ፊደል ትንሽ ይመስላል። ራውንድ ላይ «ሲስተር፣ አንቺ ደግሞ!» ለተባለችው ግን ትንሽ አይደለም።

ሆኖም ገንዘብ የሚከፍለው ሰው አንድ ጥያቄ ነበረው፤ ልክም ነው። «ይህ ሁሉ ዙረት ይጠቅማል ወይ?» ሲዲሲ በ1974 ሴኒክ የተባለውን ጥናት የጀመረው ይህን ለመመለስ ነው። 338 የአሜሪካ ሆስፒታሎች ተመረጡ፤ የሥራው መሪ ሮበርት ሄሊ ነበር። ዋናው ውጤት በ1985 ወጣ። ጠንካራ የቁጥጥር ሥራ ያላቸው ሆስፒታሎች ኢንፌክሽኑን በ32 በመቶ መቀነስ ችለዋል። ምንም በቂ ሥራ የሌላቸው ዘንድ ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ 18 በመቶ ጨምሯል። ጠንካራ የሚባለውስ ምን ምን የያዘ ነው? ለ250 አልጋ ቢያንስ አንዲት የሠለጠነች የኢንፌክሽን ቁጥጥር ነርስ፤ በሙያው የሠለጠነ ሐኪም፤ የተደራጀ ክትትል፤ ደግሞም፣ ይኼን ልብ በሉ፣ የቁስል መመርቀዝን ቁጥር መልሶ ለየሰርጅኑ መንገር። ሰርጅን የራሱን ቁጥር ሲያይ እጁን ይታጠባል። ቁጣና ልመና ያልቻሉትን አንዲት ወረቀት ቻለች።

ያ «ለ250 አልጋ አንድ ሰው» የሚለው ነገር ብዙ ዕድሜ አገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያም ዝቅተኛው ልክ እሱ ነው፤ ባለሙያዎቹ ግን ለ100 አልጋ አንድ ቢሆን ይሻላል ብለው አክለውበታል።

አሁን ከታላላቆቹ ዓመታት ወርደን አንዲትን ነርስ እንከተል። በሐሳብ የሠራኋት ናት፤ ስምም አልሰጣትም። አዲስ አበባ የተማረች፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ትሁን፤ በዚያ አካባቢ ሆስፒታል የሚሠራ ሐበሻ መቼም አይጠፋም። ከዋርድ ተነሥታ የኢንፌክሽን መከላከል ክፍል ተመደበች። ኤፒክ በየአካባቢው ቅርንጫፍ አለው፤ ከመቶ በላይ ናቸው። አለቃዋ «ስብሰባ ሂጂ» አለቻትና ሄደች። ከኋላ ተቀመጠች። አነጋገሬ ይሳቅበታል ብላ ዓመቱን ሙሉ አፏን ዘግታ ልትቀመጥ ነበር ሐሳቧ።

ሰብሳቢዋ «ቃለ ጉባኤ የሚይዝልን ማን ነው?» አለች። አዳራሹ በሙሉ ስልኩን ማየት ጀመረ። የኛዋ እጇን አነሣች።

ይህን ነው ነገሬ። ቃለ ጉባኤ ማንም የማይፈልገው ሥራ ነው። ግን የሰፈር እድር ጸሐፊን አስቡት፤ ከዳኛው ይልቅ ማን የት እንደሚኖር፣ ማን ቃሉን እንደሚጠብቅ፣ ማን ወሬ ብቻ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። የኛዋም ከስብሰባ በኋላ «ያልሽው ቁጥር ስንት ነበር? የጥናቱ ርዕስ ምን ነበር?» ብላ ለተናጋሪዎቹ መደወል ነበረባት። ወራት ሲያልፉ የአሥር ሆስፒታል ባለሙያ ድምፅዋን ያውቃል፤ እሷም ማን ምን እንደሚችል ታውቃለች።

ከዚያ የሷው ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ አንድ ነገር አልቀንስ አለ። በትልቁ ደም ሥር በሚገባው ቱቦ ሰበብ የሚመጣው የደም ኢንፌክሽን ነው። ሥልጠና ተሰጠ፣ ፖስተር ተለጠፈ፣ አልቀነሰም። ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ ለተዋወቀቻት ለአንዲት አንጋፋ ደወለች። ያችኛዋ ስለ ሥልጠናው አልጠየቀችም። «ቱቦ ማስገቢያው ዕቃ የት ነው የሚቀመጠው?» አለቻት። ሄዳ አየች። ጋውኑ አንድ መደርደሪያ ላይ፣ ትልቁ መሸፈኛ ጨርቅ ሌላ ክፍል፣ የቆዳ ማጽጃው ክሎርሄክሲዲን ከተቆለፈ ሳጥን ውስጥ። ሌሊት የሚሠራ ሐኪም ያንን ሁሉ ሲዞር አያድርም፤ ባገኘው ይሠራል። ይህ ከሐሳብ ብቻ የወጣ አይደለም፤ በሚሺጋን 103 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ተሳትፈውበት በ2006 የታተመው የዶክተር ፒተር ፕሮኖቮስት ሥራ ካሳያቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። አምስት ቀላል እርምጃ፣ አንድ ቅጽ፣ ዕቃውን ሁሉ በአንድ ጋሪ ላይ ማሰባሰብ፤ ኢንፌክሽኑም እስከ 66 በመቶ ወረደ።

ነርሳችን ጋሪውን አዘጋጀች። ቁጥሩ ሲወርድ ቅርንጫፉ «ነይና ንገሪን» አላት። ያ ከኋላ የተቀመጠ አፍ አሁን ማይክ ያዘ። ቀጥሎ ለዓመታዊው ጉባኤ በፖስተር አቀረበችው። ቀጥሎ ፈተናው መጣ፤ 150 ጥያቄ፣ ሦስት ሰዓት። አብረዋት ያጠኑት ያው የቅርንጫፉ ሰዎች ናቸው። ምስክር ወረቀቱ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፤ ዕውቀት ያረጃልና ይህን እወድላቸዋለሁ። ቀጥሎ የመመሪያ ረቂቅ የሚመለከት ኮሚቴ ውስጥ ገባች። ማህበሩ በ2012 ባወጣው የብቃት መሰላል ላይ ጀማሪው፣ የበሰለውና ሊቁ እያንዳንዳቸው ምን መቻል እንዳለባቸው ተጽፏል። ሆስፒታሏ ውስጥ ያልነበረውን ወንበር ማህበሩ በጽሑፍ አሳያት። የክፍሉ ኃላፊነት ሲከፈት ተወዳዳሪዎቹን ሁሉ ቀድማ የሄደችው በዲግሪ አይደለም፤ ምስክሮቿ በየሆስፒታሉ ስለነበሩ ነው።

እንዲህ ስል ማህበር ሁሉ ቅዱስ ነው ማለቴ አይደለም። መዋጮ አለ። ያለ ክፍያ የሚሄድ የእረፍት ቀን አለ። ሳሙናና ዕቃ ሻጭ ኩባንያዎች የጉባኤውን ምሳ ከፍለው ጆሮ የሚገዙበት ጊዜ አለ። ያው አምስት ሰው ወንበር እየተቀያየረ ዓሥር ዓመት የሚቀመጥበትም አይጠፋም። የኛ አገር ደግሞ የራሱ በሽታ አለው፤ አበል። አበል ካለ አዳራሹ ይሞላል፣ ከሌለ ሰብሳቢውና ጸሐፊው ይፋጠጣሉ። አባልነትን ከአበል ጋር ያጋባ ሰው ከማህበር የሚያተርፈው ቲሸርት ብቻ ነው፤ ይህን ሳልፈራ እላለሁ።

በአፍሪካም ይህ መንገድ ተጀምሯል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ኬፕ ታውን በሚገኘው ታይገርበርግ ሆስፒታልና በስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ፕሮፌሰር ሻሂን ሜህታር የአፍሪካ የኢንፌክሽን ቁጥጥር ኔትወርክ፣ በአጭሩ አይካን፣ እንዲቆም ካደረጉት ዋነኛዋ ናቸው። ብዙ የአፍሪካ ነርሶችና ሐኪሞች ይህን ሙያ በወጉ የተማሩት በርሳቸው ትምህርት ቤት በኩል ነው።

እኛስ? በ2010 የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ስለ ኢንፌክሽን መከላከል ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነበረው። በ2014 «ካሽ» የተባለው የንጹሕና ደኅንነቱ የተጠበቀ ጤና ተቋም ንቅናቄ ተጀመረ። በየሆስፒታሉ ኢንፌክሽን መከላከልን የሚከታተል «የአይፒሲ ፎካል» የሚባል ሰው አለ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ መገኘቱ ሲነገር፣ ያ ፎካል በአንድ ሌሊት የሆስፒታሉ ተፈላጊ ሰው ሆነ። ጋውን እንዴት እንደሚለበስ፣ ከሁሉ በላይ እንዴት እንደሚወልቅ፣ ማስክ ከየት ተይዞ እንደሚነሣ የሚያስተምረው እሱ ነበር። ስፔሻሊስቱም ተሰልፎ ተማረ። ወረርሽኙ ሲበርድ ብዙዎቹ ወደ ቀድሞው ጥግ ተመለሱ። ጀርሙ ግን አልተመለሰም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እንዳስታወቀው አጣዳፊ ሕክምና በሚሰጡ ሆስፒታሎች ከሚተኛ 100 በሽተኛ ውስጥ በሀብታም አገር 7ቱ፣ እንደኛ ባለው አገር ደግሞ 15ቱ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ይይዛቸዋል።

አንቺ በየሆስፒታሉ ብቻሽን የምትዞሪ ሲስተር፣ አንተም ወንድሜ፣ ማህበር እስኪቋቋምላችሁ አትጠብቁ። የነርሶች ማህበር አለ፤ የኅብረተሰብ ጤና ማህበር አለ፤ በየዓመቱ ጉባኤ ይቀመጣሉ፣ የሥራ ጽሑፍም ይቀበላሉ። የስድስት ወር የቁስል መመርቀዝ ቁጥር በወጉ ከያዛችሁ የሚቀርብ ጽሑፍ አላችሁ ማለት ነው። በከተማችሁ ካሉት ሌሎች ሆስፒታሎች ፎካሎች ጋር በወር አንድ ጊዜ ቡና መጠጣትም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቃለ ጉባኤውን ግን አንድ ሰው ይያዝ።

ማትሮኖችና ሜዲካል ዳይሬክተሮች፣ የናንተን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለምለምናችሁ ነው። ያችን ነርስ በዓመት አንድ ጊዜ ለጉባኤ የትራንስፖርቷን ሸፍናችሁ ላኳት፤ ስትመለስም ያየችውን ለሠራተኛው የምትናገርበት ግማሽ ሰዓት፣ ራውንድ ከመጀመሩ በፊት፣ ሰርጅኖቹ በተቀመጡበት ስጧት።